የእንፋሎቱ ታፔላ

የሆራ ቡርቃ እንፋሎት ከፍጥረተ ዓለም ጀምሮ ያለ ማንም ፈቃድ ወደ ሰማይ ሲወጣ መኖሩን ሮቤ ያለው የኃይል ልማት ጽሕፈት ቤታችን ያወቀው በቅርቡ ነው። ማወቅ ብቻ ሳይሆን አዘነም። ይህን ያህል ዘመን ሳይመዘገብ፣ ሳይለካ፣ ዕቅድ ሳይወጣለት፣ ሪፖርት ሳይደረግበት የባከነ እንፋሎት! ለአገር የሚያስብ ሰው ይህን ሲያሰላስል እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛ ኃላፊ አቶ መልአኩ ግን ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ይወስዳቸዋል።

ቦታውን ለማያውቅ፦ ከሮቤ ተነስቶ፣ ጎባን አልፎ፣ ሳነቴን ተሻግሮ፣ ወደ ሪራ ቁልቁል ሳይወርዱ በግራ የሚታጠፍ የፈረስ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ግማሽ ቀን ሲኬድ ያ ውርጭ የሚነክሰው ሜዳ ድንገት ይሰነጠቅና ከስንጥቁ ውስጥ ትኩስ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ከብቱ ጨዋማውን ውሃ፣ ሆራውን፣ ይጠጣል፤ ወገቡን ያመመው ይነከርበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል። ሁሉም በተራ ነው። ተራውን የሚጠብቁት ከአባታቸው ሥራውን የተረከቡት አባ ባዳሳ ናቸው። ሕጋቸው ብዙ አንቀጽ የለውም። «ዴሱን ሃ ዱርስቱ» ይላሉ፣ እመጫት ትቅደም። የወለደች ላም ከነጥጃዋ ቀድማ ትጠጣለች። ቀጥሎ የታመመ፣ ቀጥሎ የደከመ። በሬው የማንም ይሁን የማን መጨረሻ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ሰንጋቸውን ቀድመው ሊያጠጡ ሞክረው አባ ባዳሳ ሰንጋውንም ሰውየውንም በአንድ ዘንግ መልሰዋቸዋል ይባላል።

ይህ ሕግ በጽሑፍ ያልተደገፈ በመሆኑ ጽሕፈት ቤታችን ለጊዜው እንደሌለ ቆጥሮታል።

በሆራ ቡርቃ አንድ ጤና ኬላ አለ፤ በጤና ኬላው አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ሲስተር ሀይማኖት፤ በሲስተር ሀይማኖት ክፍል ደግሞ አንድ የክትባት ፍሪጅ። ፍሪጁ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። መብራት ስለሌለ ሲስተር የክትባት ካርዶቹን፣ ጓንቷንና ሹራቧን ታስቀምጥበታለች። አይጥ የማይገባበት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ክትባቱ ራሱ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በፈረስ ከጎባ ይመጣል። በረዶው ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። እናቶቹ ግን ከየሸለቆው በአራትና በአምስት ቀን ውስጥ እየተንጠባጠቡ ይደርሳሉ፤ አንዷ ወንዝ ሞልቶባት፣ ሌላዋ ገብስ ሳይታጨድ ትቼ አልሄድም ብላ። የዘገየችዋ ስትደርስ ክትባቱ ተበላሽቶ ተደፍቷል። ዘንድሮ ደግሞ በጎረቤት ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል።

ስለዚህ ሲስተር ሀይማኖት አንድ ሶላር ይሰጠኝ ብላ ጻፈች። ስምንት ጊዜ። ደብዳቤዎቹን መዝገብ ቤት ተቀብዬ ቁጥር የሰጠኋቸው እኔ ስለሆንኩ አመሰግናታለሁ፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል። ስምንተኛውን ግን ራሷ ይዛው መጣች። ግማሽ ቀን በፈረስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከጎባ በሚኒባስ፣ በመጨረሻም ከሮቤ መናኸሪያ በባጃጅ።

«እህቴ፣» አሏት አቶ መልአኩ፣ «የተቀመጥሽበትን ታውቂያለሽ?»

«ወንበር ላይ፣ አቶ መልአኩ።»

«እሳት ላይ ነሽ! የምትኖሪበት ቀበሌ ከሥሩ የሚፋጅ ዓለት ነው ያለው። እንፋሎቱን ያየ ባለሙያ ሁሉ እምቅ ኃይል ነው ብሏል። በዚህ ኃይል ላይ ተቀምጦ ሶላር መጠየቅ ወንዝ ዳር ሆኖ ውሃ መለመን ነው።»

«ወንዝ ዳር ያለም ሰው መቅጃ ይጠይቃል እኮ።»

«ይህ አነጋገር የእምቅ ኃይሉን ክብር አይመጥንም። ሶላር ብንሰጥሽ ነገ ታሪክ ምን ይለናል? ‹በእንፋሎታቸው አላመኑም› ነው የሚለን።»

«ልጆቹስ ምን ይሉናል?»

«ልጆቹ በመሪ ዕቅዱ ውስጥ ተካትተዋል» አሉ አቶ መልአኩ በአባታዊ ድምፅ።

እዚህ ላይ «እምቅ» የሚለውን ቃል ሳላመሰግን ባልፍ ምስጋና ቢስ እሆናለሁ። ጽሕፈት ቤታችንን ያቆመው ይህ ቃል ነው። የተሠራ ነገር ይበላሻል፣ ይሰረቃል፣ ጥገና ይጠይቃል፤ ሰው መጥቶ ለምን አይሠራም ብሎ ይጮሃል። እምቅ የሆነ ነገር ግን ተበላሽቶ አያውቅም። ዘንድሮም እምቅ ነው፣ ከዓመትም በኋላ እምቅ ነው፣ በጡረታ ጊዜም ለተተኪው እንደ እምቅ ይተላለፋል።

ያም ሆኖ ጥናት መደረግ ነበረበትና ከአዲስ አበባ በእውቀቱ የሚባል ወጣት ባለሙያ ተላከልን። ይህ ልጅ ትምህርቱን በሚገባ ቢጨርስም የሥራ ጠባይ የለውም። ሦስት ቀን ሆራ ቡርቃ አደረና፣ ውሃውን ለክቶ፣ ዓለቱን በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ከአባ ባዳሳ ጋር ቅንጬ በልቶ ተመለሰ።

«መብራት ሊያመነጭ ይችል ይሆናል» አለ በስብሰባው ላይ። «ሌላ ቦታ ሆኗል። ለማወቅ ግን ጥልቅ ቁፋሮ ያስፈልጋል፤ ለቁፋሮው መኪና፣ ለመኪናው መንገድ። ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው ስልሳ ሜትር ቱቦ ስጡኝና ትኩሱን ውሃ ወደ ጤና ኬላው ላውርደው። ጤና ኬላው ከምንጩ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃው ራሱ ይሄዳል። ማዋለጃ ክፍሉ ይሞቃል። እዚያ ሕፃን የሚወለደው በውርጭ ነው።»

ይህን ያህል ትንሽ ነገር በጉባኤ ላይ ሲነገር ሰምተን አናውቅም።

«ቱቦ?» አሉ አቶ መልአኩ። «ከምድር እምብርት የሚወጣን ኃይል በቱቦ?»

«በምን ይምጣ ታዲያ?»

«በምዕራፍ!»

ተጨበጨበ። የበእውቀቱ ዘጠኝ ገጽ ጥናት ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቃለለ፦ «የአካባቢው ሙቀት ተስፋ ሰጪ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል።» ልጁ በማግስቱ ወደ መጣበት ተመለሰ። የጽሕፈት ቤቱ ማኔጅመንት ደግሞ ለልምድ ልውውጥ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሎጅ ወረደ። እንፋሎት ተርባይን ሲያዞር በመኪናው መስኮት አየነው አሉ። ምሳ ደርሶ ስለነበር አልወረዱም።

ሲመለሱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ አጥር ነበር።

አጥሩ እውነተኛ አጥር ነው፤ ወፍራም የብረት ቱቦ እየተቀጠለ በአራት ረድፍ ተጋድሞ ምንጩን ከነዙሪያው፣ እስከ ጤና ኬላው ደጃፍ ድረስ የከበበ። ከመታጠሩ በፊት ኅብረተሰቡ መወያየት ስላለበት ቃለ ጉባኤ ይዤ አብሬ ሄድኩ። ሕዝቡ በፈረስም በእግርም መጥቶ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። አባ ባዳሳ በዘንጋቸው ተደግፈው ቆሙ።

«አካም ጂርታ አባ ባዳሳ» አሉ አቶ መልአኩ፣ የሕዝብ ግንኙነት ሥልጠና የወሰዱ ናቸውና።

«አልሃምዱሊላህ። አጥሩ ለምንድነው?»

«ከብቱ ውሃውን እየጠጣ እምቁን እንዳይቀንስብን ነው።»

«ላም የጠጣችውን መልሳ ትሰጣለች እኮ። ትንሽ ብቻ ታገሷት።»

ሕዝቡ ሳቀ። አቶ መልአኩም ትርጉሙ ሲገባቸው ዘግይተው ሳቁ። ክርክሩ ረዘመ፤ ከበስተጀርባ የታረደው በግ ሽታ እየበረታ መጣ። በመጨረሻ አባ ባዳሳ እጃቸውን አነሱ።

«ይሁን። እጠሩ። በሩ ግን ለከብቱ ይከፈት። ከአጥሩ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ደግሞ በሆራው ተራ ይሁን። እሱ ይጻፍልኝ።»

«ይጻፍ፣ ይጻፍ!» አሉ አቶ መልአኩ ወደ በጉ እያዩ።

ጻፍኩት። በምችለው አማርኛ አሳምሬ እንዲህ ስል ጻፍኩት፦ «በአጥሩ ክልል ውስጥ የሚገኝ ማናቸውም አገልግሎት፣ የውሃም ይሁን የኃይል፣ ነባሩን የሆራ ተራ ሥርዓት ተከትሎ ይሰጣል።» አቶ መልአኩ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ። ማንም አላነበበውም፤ አልቀየምም። በጽሕፈት ቤታችን ቃለ ጉባኤ የሚፈረም እንጂ የሚነበብ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ታፔላ ነበር። ቁመቱ ከጤና ኬላው ይበልጣል። በሁለት ቋንቋ «የሆራ ቡርቃ የእንፋሎት ኃይል ልማት» ይላል፤ ከሥሩ የሚበራ አምፖል፣ ከአምፖሉ ወደ ከተማ፣ ከከተማው ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ቀስት ተስሎበታል። በሥዕሉ ላይ ሆራ ቡርቃ አስፋልት አላት። አንድ ችግር ብቻ ተገኘ፦ የአገሩ ጭጋግ ምንም ሥልጠና ስላልወሰደ ታፔላውን ይሸፍነዋል። በምረቃው ቀን ደግሞ ክብርት ወይዘሮ ሸዋርጋ ከበላይ መሥሪያ ቤት ይመጣሉ። የማይታይ ታፔላ ሊመረቅ ነው?

እዚህ ላይ ዕድል ለአቶ መልአኩ ፈገግ አለች። የሲስተር ሀይማኖት ስምንተኛ ደብዳቤ በግልባጭ ለጤናው ዘርፍ ደርሶ ኖሮ፣ በአንድ ሊጣራ በሚገባው ስህተት ሶላሩ ከነባትሪው ተላከ። ሮቤ እኛ ግቢ ነው የተራገፈው። ሳጥኑ ላይ «ለሆራ ቡርቃ ጤና ኬላ» ተብሎ በማርከር ተጽፏል።

«ለሆራ ቡርቃ ይላል» አሉ አቶ መልአኩ አንብበው። «ወደ ሆራ ቡርቃ ይሂድ። ታፔላው ላይ ይሰቀልና ያብራልን።»

ሊገጥም የሄደው ወዚር ነው፤ ጎባ ከገበያው በላይ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን፣ በእጁ የነካው ሁሉ የሚሠራለት ሰው። ሲስተር ሀይማኖት መሰላሉ ሥር መጥታ ቆመች።

«ወዚር፣ ይሄ የእኔ ነው።»

«ወላሂ አውቃለሁ ሲስተር። ሳጥኑን አንብቤያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ትእዛዙ ለታፔላው ነው የሚለው።»

«ታፔላ ኩፍኝ ይይዘዋል?»

ወዚር ብሎኑን እያጠበቀ ትንሽ አሰበ። «ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት እንጂ ኩፍኝ አይይዘውም። እኔ ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አልጣላም።» ከዚያ ወደ ጤና ኬላው በዓይኑ ለካ። «አርባ እርምጃ ይሆናል፣ አይደል? የተረፈውን ገመድ አልቆርጠውም። ጠቅልዬ እዚሁ ሥር እተወዋለሁ። ገመድ ቢተርፍ ኃጢአት የለውም።»

የምረቃው ቀን ደረሰ። የምረቃው ቀን ሲደርስ ክትባቱም አብሮ ደረሰ፤ ለኩፍኙ ዘመቻ የተላከ ሙሉ ሳጥን፣ ከክብር እንግዶቹ ፈረሶች ኋላ በአንድ በቅሎ ተጭኖ። ሲስተር ሀይማኖት ክዳኑን ከፍታ በረዶውን በጣቷ ነካችና ዘጋችው። እስከ ነገ ምሳ ቢቆይ ነው። በግቢው የተገኙት እናቶች ሃያ አይሞሉም፤ የቀሩት ገና በየመንገዱ ናቸው፤ የሩቆቹ እስከ ሐሙስ አይደርሱም። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ለእንፋሎት ኃይል ምረቃ የድምፅ ማጉያ የሚያስፈልግ በመሆኑ የናፍጣ ጄኔሬተር በአራት ሰው ሸክም ተጓጉዟል። ጄኔሬተሩ ሮቤ ላይ ጎበዝ ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ ግን እንደ ሽማግሌ ያስለዋል። አቶ መልአኩ ንግግራቸውን ጀመሩ።

«ክብርት እንግዳችን፣ ውድ የሆራ ቡርቃ ነዋሪዎች፣ እነሆ ዛሬ የጨለማው ዘመን—»

ጄኔሬተሩ ሞተ። የጨለማው ዘመን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ጭጋጉ ወረደ። በጭጋጉ መሀል ታፔላው ብቻ በሶላሩ ኃይል ደምቆ ያበራል፤ ከሥሩ እንፋሎቱ፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ እንደ ልማዱ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

በዚያ ጸጥታ አባ ባዳሳ ተነሡ። ማይክ አላስፈለጋቸውም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ይሄ የሚበራው ነገር ከአጥሩ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?»

«ከውስጥ ነው እንጂ!» አሉ አቶ መልአኩ በኩራት።

«እንግዲያው ተራ አለው። ጸሐፊ፣ ያን ወረቀት አንብበው።»

ሰነዶቹ ለእንግዳዋ እንዲታዩ በጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ነበር። ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ አነበብኩ፤ ከነፊርማው፣ ከነማኅተሙ። «የውሃም ይሁን የኃይል» የሚለው ላይ ስደርስ አቶ መልአኩ ዓይናቸውን ወደ እኔ ወረወሩ። እኔ ወረቀቱን ነው የማየው።

«ታፔላው ወልዷል?» ብለው ጠየቁ አባ ባዳሳ።

«አባ ባዳሳ፣ ታፔላ እኮ...»

«ታሟል?»

«አልታመመም።»

«ደክሟል?»

«አዲስ ነው! ገና በቅርቡ ነው የቆመው!»

«እንግዲያው በሬ ነው። መጨረሻ ይጠጣል።» ዞር አሉ። «ሲስተር፣ ያ ክፍልሽ ውስጥ የቆመው ነጭ ሳጥን የማነው?»

«የእመጫቶች ነው፣ አባባ።»

አባ ባዳሳ ዘንጋቸውን አንዴ መሬት ላይ መቱ። «ዴሱን ሃ ዱርስቱ።»

ሕዝቡ «ሃ ዱርስቱ!» ብሎ መለሰ። ወዚር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ገመዱን ሲፈታው አየነው። አርባ እርምጃ። ታፔላው ጠፋ። ሲስተር ሀይማኖት ካርዶቿን፣ ጓንቷንና ሹራቧን አንድ ባንድ አወጣች። ፍሪጁ በሦስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ማጉረምረም ጀመረ። አንዲት እናት የታቀፈችው ሕፃን ድምፁን ሰምቶ አለቀሰ።

አቶ መልአኩ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ክብርት ወይዘሮ ሸዋርጋ ቆመው ሲያጨበጭቡ አዩ። ክብርትነታቸው ይህን ሁሉ የፕሮግራሙ ማሳረጊያ አድርገው ወስደውታል።

«በጣም ነው የነካኝ!» አሉ። «ባህላዊ እሴቱን ከቴክኖሎጂው ጋር ያቀናጃችሁበት መንገድ! ለመሆኑ ኃይሉ ከእንፋሎቱ ነው?»

አቶ መልአኩ እንፋሎቱን አዩ። ሶላሩን አዩ። ክብርትነታቸውን አዩ።

«ከ... ከእምቁ ነው፣ ክብርት።»

«ድንቅ ነው!» ወደ ሲስተር ሀይማኖት ዞሩ። «አንቺስ የምትጨምሪው አለሽ?»

አንድ ቃል ብትናገር ስምንት ደብዳቤ ከነቁጥሩ አደባባይ ይወጣ ነበር። ሲስተር ሀይማኖት ጀርባዋን ለፍሪጁ ሰጥታ እንደ ዘበኛ ቆማለች።

«የለኝም ክብርት። በሩን ብቻ እንዳይከፍቱብኝ፤ ይቀዝቅዝ።»

እስከ ሐሙስ ቀዘቀዘ። እስከ ቅዳሜም ቀዘቀዘ። የመጨረሻዋ እናት መንታዎቿን በሁለት ጎን አንጠልጥላ ስትደርስ ክትባቱ ይጠብቃት ነበር። ኩፍኙ እስከ ሸለቆው አፍ መጥቶ ተመለሰ። ጽሕፈት ቤታችን ለበላይ አካል ባቀረበው ሪፖርት ላይ «የእንፋሎት ኃይል ፕሮጀክቱ የመጀመሪያውን ፍሪጅ በስኬት አቀዝቅዟል» ብሎ ጻፈ። አቶ መልአኩ የምስክር ወረቀት ተሸለሙ፤ ከወንበራቸው በላይ ተሰቅሏል። ታፔላውን በተመለከተ፣ አባ ባዳሳ ተራው ሲደርሰው ያበራል ብለዋል። በክረምቱ አልደረሰውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ከአጥሩ ላይ አንድ ረድፍ ቱቦ መጥፋቱ ተሰማና አጣሪ ኮሚቴ ተላከ። ኮሚቴው ቱቦውን አገኘው፤ ከምንጩ ተነስቶ ወደ ማዋለጃው ክፍል ተዘርግቷል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ክፍሉ ውስጥ አንድ የሦስት ቀን ሕፃን ያለ ብርድ ልብስ ተኝቷል። በእውቀቱ በስልክ ሲመክራቸው ነበር የሚል ጥርጣሬ አለ። ኮሚቴው ለረጅም ሰዓት ከተወያየ በኋላ ንብረቱ እንዳልጠፋ፣ ይልቁንም «አጥሩ እስከ ማዋለጃው ክፍል መራዘሙን» አረጋግጦ ተመለሰ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አሁን መዝገብ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል። የሆራ ቡርቃ ወሬ በየገበያው ተሰምቶ ከየቀበሌው ደብዳቤ ይጎርፋል። አቶ መልአኩ ሕዝቡ በእምቅ ኃይል ማመን ጀምሯል ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ደብዳቤዎቹን ግን እንደ ልማዳቸው አላነበቧቸውም። እኔ አነባለሁ። ትናንት ቁጥር የሰጠሁት ከጊኒር በታች፣ ከቆላው የመጣ ነው፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሱሌይማን የሚባሉ ሰው በእጃቸው ጽፈውታል። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ታፔላ ስለመጠየቅ። በቀበሌያችን ፍል ውሃ የለም፤ ቀዝቃዛውም ቢሆን ዘንድሮ ደርቋል። ቢሆንም የእንፋሎት ኃይል ታፔላ፣ ከነሚያበራው ዕቃ፣ በአስቸኳይ እንዲቆምልን በትሕትና እንጠይቃለን። ምን እንደሚጻፍበት ጽሕፈት ቤቱ ይወስን፤ ለእኛ ለውጥ የለውም። ገመዱን አዘጋጅተናል። ሽማግሌም አለን።»